የበሺር ጎሚኒና የጀልዴሳው ሽምግልና

ጎረቤቴ በሺር ቀፊራ ገበያ ውስጥ መጋረጃ ይሸጣል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የማወራው ሁሉ ሐሜት ስለሚመስል ነው። ሠፈራችን ገንደቆሬ ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ተካዩ፣ ሠርግ ሲኖር ወንበር ተሸካሚው እሱ ነው። እኔን ወገቤን ሲይዘኝ ሐኪም ቤት ያመላለሰኝም እሱ ነው፤ እርግጥ በእሱ መኪና ስመላለስ ወገቤ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። የሚያናድደኝ አንድ ጠባይ ብቻ አለው፤ መኪናውን ሰው አያስነካም።

መኪናዋ አሮጌ ዲኤክስ ናት። ነጭ መሆኗን የምናውቀው ከሊብሬዋ ነው። በሯ ሲዘጋ መስኮቷ ይወርዳል፣ መስኮቷ ሲነሳ ሬዲዮዋ ይጠፋል። በሺር እጅ ከገባች ጀምሮ ጋራዥ አታውቅም። "መኪናውን ለሰው የሚሰጥ ትዳሩንም ለሰው ይሰጣል" ይላል፤ ትዳር ግን የለውም፤ አርባ ዓመት አልፎት ከእናቱ ከእማ ሃዎ ጋር ነው የሚኖረው። የዕረፍት ቀኑን ከደጄ ፊት ለፊት ከመኪናዋ ሥር ተጋድሞ ያሳልፋል። ከጉልበቱ በላይ ስለማይታይ ሠፈሩ በሙሉ ሰላምታ የሚሰጠው ለእግሩ ነው። እግሩም ይመልሳል፤ ቀኙን ነቅነቅ ካደረገ "ደህና ዋሉ" ማለቱ ነው።

"መፍቻ ላቀብልህ?" ስለው፣ "ተዉት ጋሽ ሽመክት፣ ቦታውን አውቃለሁ" ይለኛል። ከዚያ ያንኑ መፍቻ ሲፈልግ ይውላል። መፍቻው እኔ እግር ሥር እንዳለ አያለሁ፤ ግን እኔም እልኸኛ ነኝ፣ አልነግረውም።

እንዲህ እያለ ሲኖር አምና ኑርሀን የምትባል ነርስ ለጀልዴሳ ጤና ጣቢያ መጋረጃ ልትገዛ ሱቁ ገባች። በሺር ለክቶ ቆረጠላት። መጋረጃው አጠረ። ተመልሳ መጣች፤ ሌላ ቆረጠላት፤ ያም አጠረ። ዕድሜ ልኩን በሜትር የኖረ ሰው ያን ሰሞን ብቻ ሜትር ጠፋበት። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ኑርሀን ሜትሩን ከእጁ ወስዳ ራሷ ለካች፣ ራሷ ቆረጠች፤ "ሌላ የምትለኝ ነገር ካለ ያለ መጋረጃ በለኝ" አለችው። እሱም አላት።

ልጅቱ ሠላሳን አልፋለች፣ ኮስታራ ናት፣ ስትስቅ ግን ከልቧ ነው። ሳናያት በፊት መልአክ መስላን ነበር፤ ካየናት በኋላ ደግሞ "ይችን እንዴት አገኛት?" ነበር ጥያቄያችን። ችግሩ ከአባቷ ከሐጂ አብዲራሺድ መጣ። ሐጂ ጀልዴሳ ውስጥ ግመልና ፍየል ያላቸው፣ ቃላቸው ከሚዛን የማይጎድል ሰው ናቸው። ለዓይናቸው ሕክምና ድሬ በመጡ ጊዜ በሺር አማች መሆን ያማረው ሰው እንደሚያደርገው "እኔ አደርስዎታለሁ" ብሎ በዲኤክሷ ጫናቸው።

የዲኤክሷ የኋላ ጎሚኒ በዚያ ጊዜ አልቆ ነበር። ጎሚኒ ማለት የኋላ እግሯን ከአካሏ ጋር በሚያያይዙት ብረቶች ጫፍ ላይ የሚገባ፣ ከጡጫ የሚያንስ ድንቡሽቡሽ ጎማ ነው፤ ብረትና ብረት እንዳይጣሉ መሐል ገብቶ ይገላግላል። እሱ ሲበላ መኪናዋ ፊቷ ወደ ጀልዴሳ እያየ ኋላዋ ወደ ሐረር መሄድ ይጀምራል። ሐጂ አብዲራሺድ ቤታቸው ሲደርሱ ወርደው ግድግዳ ያዙ። "ስልሳ ዓመት ግመል ላይ ተቀምጫለሁ፤ እንዲህ የናጠኝ የለም" አሉ።

ኋላ የበሺር አሳብ ሲነገራቸው አልተቆጡም፤ መልሳቸው ግን ቁርጥ ነበር። "ያቺ መኪና ቀጥ ብላ ስትሄድ ሽማግሌ ይላክ። ጎድሎባት የምትሄድ መኪናውን ዝም ብሎ ያየ ሰው ልጄ ሲጎድልባትም ዝም ብሎ ያያል" አሉ። ሌላ ጠያቂ እንዳለም በጎን ተነገረን። በሺር የያዛት መኪና ሳትሆን ዕድሉ መሆኗ ገባው፤ እንቅልፍ አጣ።

ቀኑ ለእሑድ ተቆረጠ። ረፋድ ላይ እኛን ሽማግሌዎቹን በተስተካከለችው ዲኤክስ ጭኖ ጀልዴሳ ያደርሳል፤ እሱ ራቅ ብሎ ይጠብቃል፤ እኛ እንነጋገራለን፤ ሐጂ መኪናዋን ያያሉ፤ ያበቃል። በወረቀት ቢጻፍ እንኳ እንዲህ አያምርም ነበር።

ቅዳሜ በሺር መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጣትና ሥሯ ገባ። አሮጌዎቹ ጎሚኒዎች አንወጣም አሉ። በመዶሻ ደበደባቸው፤ እምቢ አሉ። በእሳት አቃጠላቸው፤ ይኼኔ ወጡ፣ ግን ጭሱ ሠፈሩን አስለቀሰው። እኔ አጥቤ ያሰጣሁት ነጭ ጋቢ ዛሬም ድረስ ሐዘን ላይ ነው። "ጋራዥ ውሰዳት አቦ፤ ማሽን አላቸው፣ ባንድ ጊዜ ይጫኑልሃል" አልኩት። "ጋሽ ሽመክት፣ ይቺ የእጅ ሥራ ናት" አለኝ ከሥር። አዲሶቹ አራት ጎሚኒዎች ደግሞ አንገባም አሉ። የድሬ ፀሐይ ላይ ውለው እንደ ሊጥ አብጠዋል።

አመሻሽ ላይ ስልኩን ከፍቶ አንድ ጢማም ፈረንጅ አሳየኝ። ፈረንጁ ጎሚኒውን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሮ ጠዋት እንደ ቀለበት ሲያጠልቀው ይታያል። "አዩ? ብርድ ያኮማትረዋል" አለኝ። ፍሪዘር ደግሞ የእማ ሃዎ ቤት ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ ስለዚያ ፍሪጅ መናገር ግድ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት በሺር ግራሶ በቅቤ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ እዚያ አስቀምጦ ነበር። እማ ሃዎ ለእንግዶቿ ዳቦ ቀባችበት። አንዷ እንግዳ ጨዋ ስለነበረች ሁለት ቁራሽ ጨርሳ ነው የሄደችው። ከዚያ ወዲያ እናቱ ደንብ አወጣች፤ "ከመኪና የወጣ ነገር ፍሪጄ ውስጥ ካየሁ አንተም መኪናህም ከዚህ ግቢ ትወጣላችሁ" አለችው። እማ ሃዎ የተናገረችውን የምታደርግ ሴት ናት።

እንግዲህ ብልጥ ነኝ ባይ ምን እንዳደረገ ስሙ። እናቱ ለሽምግልናው የሚሄደውን የጫት እስር፣ ዙርባውን፣ ከማለዳ አስገዝታ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሳ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ፍሪጁ ውስጥ ከታች አስቀምጣለች። በዚያ ቤት ለዱዓ የተዘጋጀ ዙርባ ከሰዓቱ በፊት የሚፈታ ሰው የለም፤ ይህ ከአያት የመጣ ነው። በሺር ይህን ስለሚያውቅ አራቱን ጎሚኒዎች ሳሙና ቀብቶ፣ እንደዚያው በእርጥብ ጨርቅ፣ እንደዚያው በሙዝ ቅጠል ጠቀለላቸው። ያም አልበቃው ብሎ ከሠፈር የለቀመውን ሁለት የጫት ቀንበጥ በአንደኛው ጫፍ ብቅ አደረገበት። ከዚያ ላይኛው በር፣ ፍሪዘር ውስጥ ከተተው። "ማንም አይጠረጥርም" ብሎ ለራሱ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ ማንም አልጠረጠረም።

እሑድ ጠዋት አጎቱ ሙመድ ረጅም ሽርጡን ታጥቆ፣ ከዘራውን ይዞ መጣ። ሙመድ በሽምግልና የታወቀ ነው፤ ሲናገር ዝናብ የሚዘገይለት ሰው ነው ይባላል። እኔ፣ የምድር ባቡሩ ጡረተኛ፣ ሁለተኛው ነበርኩ። ክርስቲያን ሽማግሌ አብሮ ሲሄድ ሐጂ አብዲራሺድ ደስ ይላቸዋል ብለው መረጡኝ፤ እኔም አዲሱን ኮቴን ለበስኩ። ሦስተኛው ሽማግሌ በትኩሳት ተኝቷል ተባለ።

መኪናዋ አሁንም ድንጋይ ላይ ናት። በሺር አንድ ዝገታም ብሎን ሲደበድብ አንግቷል፤ ጎሚኒዎቹን ከብርድ የሚያወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሙመድ የእግሩን ሰላምታ ጠበቀ፤ እግሩ አልተነቃነቀም።

"በሺር፣ ሐጂ ሰዓት ያከብራሉ።"

"ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ።"

"ወላሂ፣ አንተ 'ትንሽ' ስትል አንድ ጊዜ ረመዳን ገብቶ ወጥቷል" አለው ሙመድ። "እኛ በባጃጅ እንቅደም። አንተ ጎሚኒህን ግጠምና መኪናዋን ይዘህ ድረስ።"

ወደ ቤት ገብቶ "ሃዎ፣ ዙርባው የት ነው?" ሲል እማ ሃዎ ከጓሮ "ፍሪጅ ውስጥ" አለችው። ሙመድ የመጀመሪያውን በር ከፈተ። ላይኛውን። ጥቅሉን በሁለት እጁ ይዞ ሲወጣ አየሁት፤ "ማሻ አላህ፣ እንዴት ይከብዳል፤ የሃዎ እጅ መቼም ሰፊ ነው" አለኝ። እኔም መዘን መዘን አድርጌ አደነቅኩ። ቀዝቃዛነቱ ደግሞ ለጫት ጥሩ ነው ተባባልን።

የሱሌማን ባጃጅ ውስጥ ገባን። ሱሌማን ራሰ በራ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ከከተማ ስንወጣ ሙመድ ከዘራውን ነቀነቀበትና "ሽማግሌ ጎድሎናል፤ ሦስተኛ አንተ ነህ" አለው። ሱሌማን ሳይከራከር የባጃጇን የወንበር ልብስ ገፎ ትከሻው ላይ ጣለ። ጣል ሲያደርገው ከሁላችን ይልቅ ሽማግሌ መሰለ። በመንገድ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይንጫጫል፤ ሱሌማን ሲነዳ ስልክ አያነሳም፤ በሕይወቱ የሚያከብራት ሕግ ይቺ ብቻ ናት። ሙመድ ለሽምግልና ሲሄድ ስልኩን ያጠፋል። የእኔ ስልክ ደግሞ ቤት ቻርጅ ላይ ነበር።

ለካ የሚደውለው በሺር ነው። ብሎኑ በመጨረሻ ተፈትቶለት፣ እየሮጠ ፍሪዘሩን ሲከፍት ባዶ ነው። ከታች ሲያይ አንድ ዙርባ አለ። እፎይ ብሎ ፈታው። ጫት ነው። እማ ሃዎ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ለጫት እንዲያ ያለቀሰ ሰው አይታ አታውቅም።

ሐጂ አብዲራሺድ በግቢያቸው የግራር ጥላ ሥር ምንጣፍ አስነጥፈው ተቀበሉን። ከጎናቸው ታላቅ ወንድማቸው ዋርሳን ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጨዋነታቸው ግን አልደከመም። ሴቶቹ በቤቱ በር በኩል ናቸው፤ ከመካከላቸው የኑርሀንን ነጭ ሻሽ ለየሁት። ሙመድ ንግግሩን ጀመረ። ስለ ጉርብትና ተናገረ፣ ስለ ዘር ተናገረ፣ ስለ ትዕግሥት ተናገረ። ስለ በሺር ሲናገር እኔ ራሴ "ይህን ሰው ብተዋወቀው" አልኩ። በመጨረሻም ዙርባውን ሁለት እጁ ላይ አድርጎ ለሐጂ አቀረበ።

ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ገመዱን ፈቱ። የሙዝ ቅጠሉ ተገለጠ። ጨርቁ ተገለጠ። አራት ጥቁር፣ ክብ፣ ሳሙና የደረቀባቸው ነገሮች ምንጣፉ ላይ ተደረደሩ።

 ሙመድን አየሁት። አፉ ተከፍቷል፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ዝናብ የሚያዘገየው ሰው ደርቆ ቀረ። ይኼኔ ዋርሳን እጃቸውን ዘርግተው አንዱን ጎሚኒ ዳበሱና አነሱ። እንግዳ ያመጣውን መመለስ ነውር ነው። አፋቸው ውስጥ አደረጉት። በደከመ ጥርሳቸው በትዕግሥት አኘኩት፣ ወደ ግራ ጉንጫቸው ወሰዱት፣ ወደ ቀኝ መለሱት።

"የዘንድሮ ጫት ጠንክሯል" አሉ። "ዝናብ ስለጠፋ ነው።"

ሱሌማን ፊቱን በባጃጅ ልብሱ ሸፈነ። እኔ ሳቄንና ፍርሃቴን ባንድ ላይ ዋጥኳቸው፤ አስቸጋሪ ነው፣ አትሞክሩት። ሙመድ ከድንጋጤው በግማሽ ነቅቶ "ይህ እንግዲህ... ልጃችን ጫት ትቶ ወደ ሥራ መዞሩን..." ሲል ሐጂ በእጃቸው አስቆሙት። አንዱን ጎሚኒ አነሱ፣ አሸተቱ፣ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

"ሽመክት፣ አንተ የምድር ባቡር ልጅ ነህ፤ ብረት ታውቃለህ። ይህ ምንድን ነው?" አሉኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። "ጎሚኒ ነው ሐጂ። የመኪናዋ የኋላ ጎሚኒ።"

"የዚያች መኪና?"

"የዚያች።"

"ታዲያ መኪናዋ አሁን በምን ቆማለች?"

መልስ ሳልሰጥ ከመንገዱ ማዶ የቆርቆሮ ቤት የሚፈርስ የሚመስል ድምፅ መጣ። ፍየሎቹ ተበተኑ። ዲኤክሷ መጣች፤ መጀመሪያ ጎኗ ታየ፣ ከዚያ ኋላዋ፣ ፊቷን ያየነው ከቆመች በኋላ ነው። በሺር በጎሚኒው ፋንታ የብስክሌት ጎማ ቆራርጦ በሽቦ ጠፍሮባት ነበር። ወርዶ ጥቀርሻ በጥቀርሻ ሆኖ እውነተኛውን ዙርባ እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆመ። ምንጣፉ ላይ የተደረደሩትን አየ። የዋርሳንን ጉንጭ አየ። ዙርባውን እንደታቀፈ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እኔ ያን ጊዜ በእውነት አዘንኩለት። ለአንዲት ሴት ብሎ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው በገዛ ብልጠቱ ተጠልፎ ሲወድቅ ማየት አያስቅም፤ ማለቴ፣ ወዲያው አያስቅም።

ሐጂ አብዲራሺድ ተነስተው መኪናዋን ዞሯት። ሽቦውን አዩ። ከዚያ ጎሚኒዎቹን ሰብስበው፣ አራተኛውን ከወንድማቸው በአክብሮት ተቀብለው፣ በሽርጣቸው ጠርገው ለበሺር ሰጡት። "ግጠማቸው። እዚሁ። እያየሁህ" አሉ። "ከዙሁር ሶላት በፊት በእግሯ ከቆመች እንነጋገራለን። ካልቆመች ሽማግሌዎችህን ይዘህ ሂድ፤ ነገ ሌሎች ይመጣሉ።"

በሺር ክሪኩን አውጥቶ መኪናዋን አነሳና ሥሯ ገባ። እኛም ምንጣፋችንን ጠጋ አድርገን ዙሪያውን ተቀመጥን። ሽማግሌ ካለ ምክር አይጠፋም፤ ሙመድ አንደበቱ ተመልሶለት ስለ ብሎን ተናገረ፣ እኔ ስለ ሀዲድ ተናገርኩ፣ ዋርሳን ግመል ሲያነክስ ምን እንደሚደረግ አስረዱ። በሺር ረጅም ብሎን በጎሚኒው ውስጥ አሳልፎ፣ በሁለቱም ጫፍ ሮንዴላ የሚሉትን ክብ ስስ ብረት አድርጎ፣ የብሎኑን ዳዶ እያጠበቀ ጎሚኒውን ወደ ቀዳዳው ለመሳብ ሞከረ። አሳቡ ደህና ነበር። ግን በአንዱ በኩል ሲያጠብቅ በሌላው በኩል ብሎኑ አብሮ ይዞራል። ሌላ ሰው ካልያዘለት እስከ ማታም ቢያዞር አይሆንም።

"ልያዝልህ?" አልኩት።

"ተዉት፣ ቦታውን..."

"ቦታውን እናውቃለን" አልነው ሁላችንም ባንድነት። ፀሐይዋ አናት ላይ ልትወጣ ነው። ከመኪናዋ ሥር የብሎን መዞርና የሰው መተንፈስ ብቻ ይሰማል።

ይኼኔ ኑርሀን ከሴቶቹ መሐል ወጣች። የሺቲ ቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ አሰረች፣ ማዳበሪያ ጆንያ መሬት ላይ ጣለች፣ በሌላው ጎን ገብታ ተጋደመች። አባቷ አንድ ነገር ሊሉ ከንፈራቸውን ከፈቱና ተዉት። አሁን ከመኪናዋ ሥር የሚታየው አራት እግር ሆነ።

"ስጠኝ ያንን ጫፍ" ስትል ሰማናት።

 እንግዲህ ይህ ሰው መፍቻ አንድ ቀን እንኳ ያላቀበልነው ሰው ነው። ጆሮዬን አቀናሁ።

"ያዥው" አላት።

ከዚያ የማዋለጃ ክፍል መሰለ። ኑርሀን ልጅ ማዋለድ ልማዷ ስለሆነ አፏ ሌላ አያውቅም። "አትቸኩል። ተንፍስ። አሁን ግፋ። ጎበዝ፣ ደግሞ ግፋ። አቁም፣ አቁም፣ ራሱ ይምጣ" ትለዋለች። ሱሌማን ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ "ጋሽ ሽመክት፣ ወንድ ይሆናል ሴት?" አለኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ የተናገራት ብቸኛ ነገር ይቺ ነች። የመጀመሪያው ጎሚኒ "ጥፕ" ብሎ ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው አንገራግሮ ገባ። ዋርሳን ያኘኩት አራተኛው ብቻ ቀረ፤ እሱ በእውነቱ ከሁሉም ለስልሶ ነበር።

ሙመድ የግራሩን ጥላ አየና ዕድሉን ተጠቀመ። "ሐጂ፣ መኪናዋ ቆማለች ማለት ይቻላል። ልጅቱን ጠይቋትና የስምምነቱን ፋቲሃ እንቅራ።"

ሐጂ አብዲራሺድ ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው ለሰስ አለ። "ኑርሀን፣ እነዚህ ሰዎች ለበሺር ጠይቀውሻል። ምን ትያለሽ?"

ከሥር መልስ የለም።

በእነሱ ደንብ ልጃገረድ ስትጠየቅ ዝም ካለች አፍራ ነው፣ ፈቅዳለች ይባላል። ሐጂ ለአፍታ ጠበቁ። ዝም። ሙመድ ፊቱ በራ። "ዝምታዋ ፈቃዷ ነው" ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ዋርሳን ዘረጉ፣ ሐጂ ዘረጉ፣ ሱሌማን በባጃጅ ልብሱ ላይ ዘረጋ፤ እኔም በበኩሌ አንገቴን ደፋሁ። ፋቲሃው ተጀመረ።

መኪናዋ ተደበደበች። ከሥር፣ በመፍቻ፣ ሦስት ጊዜ። ፋቲሃው ቆመ። ኑርሀን ተንፏቃ ወጣች። በጥርሷ ሁለት ሮንዴላና አንድ ዳዶ ነክሳለች። አንድ በአንድ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችና ከንፈሯን በክንዷ ጠረገች።

"አፌ ሞልቶ ነው ዝም ያልኩት አባ" አለች። "እንደገና ጠይቁኝ።"

የሙመድ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከመኪናዋ ሥር የበሺር እግር እንደ እንጨት ደረቀ። እኔ እነዚያን እግሮች ዕድሜዬን ሙሉ ሳያቸው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲያ ሲፈሩ ግን አይቼ አላውቅም። እምቢ ልትል ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሐጂ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩዋት። "እሺ። ለበሺር ጠይቀውሻል። ምን ትያለሽ?"

እሷ ለአባቷ አልመለሰችላቸውም፤ ወደ እግሮቹ ዞረች። "በሺር፣ እኔ ሥራዬን አልተውም። ሌሊት ምጥ ቢመጣ ያቺ እናት እኔን ነው የምትጠራው። አንተ ድሬ ነህ። ከዚያ ወደዚህ ታመጣኛለህ?"

"አመጣሻለሁ" አለ ከሥር።

"መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆምስ?"

 የሚመልሰውን ሁላችንም የምናውቅ መሰለን፤ እኔ "ራሴ እሠራታለሁ፣ ቦታውን አውቃለሁ" ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"አብረን እንገፋታለን" አለ።

ኑርሀን ወደ አባቷ ዞረች። አልሽኮረመመችም፣ ዓይኗንም አልሰበረችም። "አዎ ብላለች በሏቸው" አለች፤ ቀጥላም፣ ማንም ዝምታዋን እንዳይተረጉምላት ነው መሰለኝ፣ ጮክ አድርጋ በገዛ አፏ ደገመችው፤ "አዎ።"

ፋቲሃው ከመጀመሪያው ተቀራ። በሺር ሁለት እጁን ብቻ ከመኪናዋ ሥር አውጥቶ ዘርግቶ አሚን ይል ነበር፤ ድምፁ ሲቆራረጥ ሙመድ ጎንበስ ብሎ "ምን ሆንክ?" አለው።

"ሳሙናው ዓይኔ ገብቶ ነው" አለ በሺር።

ኑርሀን ዳዶዋን መልሳ ነከሰችና አራተኛውን ልትጨርስ ከሥር ገባች።